ለ2004 ኮሮላ ጠንካራና ኪስ የማይጎዳ ቸርኬ ስለመምረጥ

ጥያቄ፦ «የአያቱ ኮሮላ»

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። የምነዳው በፈረንጆች 2004 የተሠራ፣ በዱባይ በኩል የገባ ቶዮታ ኮሮላ ነው። እስካሁን የተጠቀምኩባቸው ከመኪናው ጋር የመጡት ባለ14 ኢንች የብረት ቸርኬዎች ሲሆኑ፣ የጎማው ልክ 185/70 አር 14 ነው። ባለፈው ክረምት ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ የፊት ቀኙ ቸርኬ ጠርዙ ታጠፈ። ጎሚስታው በመዶሻ አቃንቶልኝ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ወር ሳይሞላው ንፋስ መያዝ አቃተው። ከኋላዎቹም አንዱ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ የተቃና በመሆኑ፣ መኪናው ክሪክ ላይ ሆኖ ሲሽከረከር መወዛወዙ በዓይን ይታያል። ስለዚህ አራቱንም በአንድ ጊዜ ለመቀየር ቆርጫለሁ።

ሁለት ቅዳሜ ሶማሌ ተራ ተመላልሼ ያየሁት ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው አዲስ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ17 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ሲሆን፣ ሻጩ በስስ ጎማ ካልሆነ አይገባም ብሎኛል። ሁለተኛው ከጃፓን የመጣ፣ ያገለገለና ጭረት ያለበት ባለ15 ኢንች የቶዮታ የራሱ የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አዲስ የብረት ቸርኬ ነው። ያገለገሉትን ከአዲስ ጎማ ጋር ብገዛ ከባለ17ቱ ጋር ሲነጻጸር ሁለት ጊዜ ሰርቪስ የማስደርግበት ገንዘብ ይተርፈኛል። ይሁን እንጂ «ያገለገለ ቸርኬ የሌላ ሰው ጉድጓድ ነው» ያሉኝ ሰዎች አሉ። ባለቤቴ መኪናው አምሮ ማየት ትፈልጋለች፤ አልዋሽም፣ እኔም እፈልጋለሁ።

መንገዴ በየቀኑ ከአያት ሳሪስ ነው፤ የሰፈሬ መግቢያ ኮብልስቶን ሲሆን፣ በወር ሁለት ጊዜ ደግሞ በፈጣን መንገዱ አዳማ እወርዳለሁ። ለዚህ ዓይነቱ አጠቃቀም የትኛው ይበረታል? ጠንካራውን ከደካማው የምለየውስ ምን አይቼ ነው? ልምዱ ያላችሁ እንድትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

መልስ 1፦ «የማሽን መምህር»

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄውን ያነሱት ስለ ቸርኬ ቢሆንም መልሱ የሚጀምረው ከጎማው ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ በቸርኬው ጠርዝና በአስፋልቱ ስለት መካከል የሚቆመው በጎማው ጎን የታቀፈው አየር ብቻ ነው። አሁን ባለዎት ጎማ ላይ 185 የሚለው ስፋቱ በሚሊ ሜትር ሲሆን፣ 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ ስለዚህ የጎማዎ ጎን 129 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ቁመት አለው። ወደ 15 ኢንች ወጥተው 195/60 ቢያደርጉ 117 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በ16 ኢንች 205/50 ቢያስገቡ ወደ 102 ተኩል ይወርዳል፤ በ17 ኢንች 205/45 ከሆነ ግን የሚቀርዎት 92 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አራቱም ጎማዎች በሙሉ ቁመታቸው ሲለኩ ከ611 እስከ 616 ሚሊ ሜትር ባለው ውስጥ ስለሚወድቁ የፍጥነት መለኪያው ይህን ያህል አይሳሳትም፤ ሻጩ «ልኩ ነው» ቢልዎት አልዋሸም። ያልነገርዎት ነገር ከ14 ወደ 17 ሲወጡ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ትራስ ጥለው እንደሚሄዱ ነው። የዛሬውን ቸርኬዎን ያጠፈው ጉድጓድ በ129 ሚሊ ሜትር ጎን ውስጥ አልፎ ከሆነ ያጠፈው፣ በ92 ምን እንደሚያደርግ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ብረትና አሉሚኒየም የሚነገረው ብዙ ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። ብረት ሲመታ ይታጠፋል፤ የታጠፈውንም ጎሚስታ ሊመልሰው ይችላል፤ ነገር ግን እርስዎ እንዳዩት በተመለሰ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል። በተለምዶ የሚሠራው የአሉሚኒየም ቸርኬ 7 በመቶ ገደማ ሲሊኮን የተቀላቀለበት አሉሚኒየም ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚወጣ ነው። ጥንካሬውን የሚያገኘው ግን ሲፈስ አይደለም። 540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ባለ ምድጃ ውስጥ ቆይቶ፣ በውኃ በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ሲበስል ነው። ርካሹን ከጥሩው የሚለየውም ይኸው የሙቀት ሥራ እና በቀረጻው ጊዜ በውስጡ የሚቀሩት የአየር ቀዳዳዎች ብዛት ሲሆን፣ ሁለቱም በዓይን አይታዩም። በደንብ ያልበሰለ ቸርኬ ከውጭ ያብረቀርቃል፤ ሲመታ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል።

ዓይን ሊያየው የሚችለው የተቀረጸውን ምልክት ነው። ቸርኬውን ገልብጠው ጀርባውን ወይም የእጆቹን (ከመሐል ወደ ጠርዝ የተዘረጉትን ዘንጎች) ውስጠኛ ገጽ ሲያዩ «ጄ ደብሊው ኤል» የሚሉ የላቲን ፊደላትን ያገኛሉ፤ ይህ የጃፓን የቀላል ቅይጥ (እንደ አሉሚኒየም ያለ) ቸርኬዎች ደረጃ ምልክት ነው። ደረጃው ሦስት ፈተናዎችን ይጠይቃል፦ ቸርኬው እየተጣመመ የሚሽከረከርበት፣ ጭነት ተጭኖበት ረጅም ርቀት የሚንከባለልበት፣ እና በ13 ዲግሪ ተጋድሞ ከባድ ክብደት የሚወድቅበት ነው። ይህን ምልክት አምራቹ በራሱ ኃላፊነት ይቀርጻል። ከጎኑ «ቪ አይ ኤ» የሚል ካለ ደግሞ ከአምራቹ ውጭ የሆነ አካል ሞክሮ መዝግቦታል ማለት ነው። በብዙዎቹ ላይ የሚሸከሙት ክብደትም በኪሎ ግራም ይጻፋል። በመኪናዎ የበር ጎን ወይም ሞተር ክፍል ባለው ሰሌዳ ላይ የፊት አክሱሉ ቢበዛ 900 ኪሎ ግራም እንዲሸከም ተፈቅዶ ቢሆን፣ አንዱ ቸርኬ ቢያንስ 450 መሸከም አለበት፤ እኔ ግን ለመንገዳችን ስል ከዚያ ላቅ ያለውን እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቸርኬው ላይ «ኢ ቲ» ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ስፋት መካከል ስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ ይናገራል። የእርስዎ 6 ኢንች ስፋትና ኢ ቲ 45 ነው እንበል። በምትኩ 7 ኢንች ስፋትና ኢ ቲ 35 የሆነ ቢያስገቡ የውጭው ጠርዝ ወደ 23 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። ያን ጊዜ መኪናው ሰው ሲሞላ ጎማው ፓራፋንጎ ይልሳል፣ ጭቃ በሩን ይመታል፤ ከሁሉ የሚብሰው ግን የመኪናው ክብደት ከታቀደለት ቦታ ርቆ ስለሚያርፍ ኩሽኔታው ከዕድሜው በፊት መጮህ መጀመሩ ነው።

መልስ 2፦ «የጎሚስታው ልጅ»

ወንድሜ፣ መምህሩ የተናገሩትን ሁሉ እጄ ያውቀዋል፤ እንዲህ አድርጌ ግን ማስረዳት አልችልም ነበር። እኔ ያደግኩት አባቴ ጎማ ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ዳዶ በማቀበል ነው፤ አሁን ቦታው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ክረምት በገባ ቁጥር ተሰንጥቀው ከሚመጡልኝ ቸርኬዎች የሚበዙት 17 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ስስ ጎማ የለበሱ ናቸው። ስለዚህ ምክሬ 15 ኢንች ላይ ቁም የሚል ነው። ያገለገለ የሌላ ሰው ጉድጓድ ነው ያሉህ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን ያ ጉድጓድ የት እንደመታው አገላብጦ ማየት ይቻላል፤ የአዲሱን ርካሽ ቸርኬ ሆድ ግን ማንም ማየት አይችልም።

መጀመሪያ ልኩን አረጋግጥ። ያንተ ኮሮላ ባለአራት ዳዶ ሲሆን፣ ተቃራኒ ሆነው ከሚገኙት ሁለት ቀዳዳዎች ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል ሲለካ 100 ሚሊ ሜትር ነው። በዚያው ዘመን ለአሜሪካ የተሠራው ኮሮላ ግን ባለአምስት ነው፤ ስለዚህ «የኮሮላ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው የሚወድቅበት ግን ሌላ ነው። የላዳና የድሮ ፊያት ቸርኬ ባለአራት ሆኖ 98 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ምንም አይመስልም፤ በጉልበት ሲታሰርም ይገባል። ነገር ግን ዳዶው መቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ ሳይሆን አጋድሎ ያርፋል፤ አንድ ሳምንት ሳይሞላ ይላላል። አንድ ደንበኛዬ ከሌላ ቦታ እንዲህ አሳስሮ መጥቶ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች እንቁላል ቅርጽ ይዘው አግኝቻቸዋለሁ። የድሮው የዲኤክስ ኮሮላ ቸርኬም ባለአራት ቢሆን 114.3 ስለሆነ ላንተ አይሆንም።

ልኩ ከሆነ በኋላ ጎማው ተፈትቶ ባዶውን ቸርኬ አሳዩኝ በል። ሻጩ ጎማውን አልፈታም ካለህ ገንዘብህን ይዘህ ሂድ። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከውስጠኛው ጠርዝ ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ያ ጠርዝ አይታይም፤ ገዢዎችም አያዩትም። ጨርቅ በነዳጅ ነክረህ የውስጡን ግድግዳ ዙሪያውን ጥረገው። ውስጡ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ጠርጥር፤ ማንም ሰው ለውበት ብሎ ጎማ የሚሸፍነውን ቦታ አይቀባም። በእጅህ ስትዳስሰው እንደ ጠባሳ ከፍ ያለ መስመር ካገኘህ ተበይዷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የዳዶዎቹን ቀዳዳዎች ክብነት እይ። በመጨረሻም ባላንስ ማሽኑ ላይ ባዶውን አሽከርክረህ ጠርዙ ላይ አንድ ዘንግ አስጠጋ፤ በዘንጉና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ አትውሰደው። በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ድምፁን የሚያዳምጡም አሉ፤ አባቴም እንዲህ ያደርግ ነበር። የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል ይላሉ። እኔ ግን ሥራዬ ጫጫታ መሐል ስለሆነ ዓይኔን አምናለሁ።

ስለ ዳዶው አደራ እልሃለሁ። ብዙዎቹ የቶዮታ የራሱ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች የሚታሰሩት ጠፍጣፋ ዋሸር ባለው ረጅም ዳዶ ሲሆን፣ የብረቱ ቸርኬ ደግሞ ጫፉ ሾጣጣ በሆነ ዳዶ ይታሰራል። የብረቱን ዳዶ አሉሚኒየሙ ላይ ካሰርከው የሚይዘው በጠባብ ክብ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ቸርኬውን ይበላዋል፣ ይላላልም። ስለዚህ ቸርኬውን ስትገዛ ዳዶውን አብረህ ጠይቅ፤ ከሌለው መቀመጫውን አሳይተህ የሚገጥመውን ፈልግ።

መልስ 3፦ «ከፍራንክፈርት»

ሰላም ወንድሞቼ። እኔ ፍራንክፈርት ውስጥ ጋራዥ የምሠራ እህታችሁ ነኝ። የሁለታችሁንም ምክር እቀበላለሁ፤ ሆኖም በሁለት ነጥቦች ላይ ትንሽ የተለየ አስተያየት አለኝ።

የመጀመሪያው ምልክቱን የሚመለከት ነው። መምህራችን በትክክል እንዳስረዱት ምልክቱ መኖር አለበት፤ ግን ፊደል መቅረጽ ቸርኬ ከመፈተን እጅግ ይቀላል፤ ስለዚህ ያልተፈተነ ቸርኬ ላይ የተቀረጸ ፊደል መኖሩ ሊያስደንቀን አይገባም። እዚህ ጀርመን በመኪናው ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ቸርኬ የሚያስገባ ሰው የፈቃድ ሰነድ ማሳየት ወይም በመርማሪ ማስፈተሽና ማስፈቀድ ግዴታው ነው። ቸርኬው ላይ «ካ ቤ አ» ከሚሉት ፊደላት ጋር ቁጥር ይቀረጻል፤ ቁጥሩም በፍሌንስቡርግ ባለው የፌዴራል የተሽከርካሪ ባለሥልጣን ከተሰጠ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው። የዚያ ፈቃድ ሰነድ ቸርኬው ለየትኞቹ መኪኖች፣ በየትኛው የጎማ ልክና በምን ዓይነት ዳዶ እንደሚፈቀድ ይዘረዝራል። ከአውሮፓ ያገለገለ ቸርኬ የሚመጣለት ሰው ይህን ቁጥር ፎቶ አንሥቶ ሰነዱን ኢንተርኔት ላይ ቢፈልግ፣ ሻጩ የማያውቀውን ሁሉ ያገኛል። ለአገር ቤት ገዢ ደግሞ ቀላሉ ማረጋገጫ የቶዮታ ስምና የዕቃ ቁጥር የተቀረጸበትን የፋብሪካውን ቸርኬ መምረጥ ነው፤ ለዚያው መኪና የታቀደ ስለሆነ ስፋቱም፣ ኢ ቲውም፣ የመሐል ቀዳዳውም አብሮ ይመጣል።

የመሐል ቀዳዳውን ማንም አላነሣውም፤ እኔ ጋ ግን «አዲስ ቸርኬ አስገብቼ መሪው ይንቀጠቀጣል» ብለው ከሚመጡት ብዙዎቹን የማገኛቸው በዚህ ነው። የእናንተ ኮሮላ ሞዞ 54.1 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከቶዮታ ውጭ የሚሠሩት ቸርኬዎች ለብዙ መኪኖች እንዲሆኑ ተብለው በ67.1 ወይም በ73.1 ይበሳሉ። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት አብሮ መግባት አለበት፤ ካልገባ ቸርኬው ሲታሰር ከመሐሉ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ሊሸሽ ይችላል። ከተማ ውስጥ ምንም አይሰማም፤ አዳማ መንገድ ላይ 90 እና 100 ሲደርሱ ግን መሪው እጅ ውስጥ ይንዘረዘራል፤ ባለቤቱም ሾክ አብዞርበሩንና የመሪ ጫፎቹን እያስቀየረ ገንዘቡን ይጨርሳል። ቀለበቱ የፕላስቲክም የአሉሚኒየምም አለ። እዚህ ክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን የአሉሚኒየሙ ሞዞው ላይ ይጣበቅብናል፤ እናንተ ጋ ጨው ስለሌለ ሁለቱም ይሆናሉ።

ሁለተኛው ነጥቤ ስለ ብየዳ ነው፤ የጎሚስታው ወንድማችን እንዴት እንደሚታወቅ ነግሮናል፣ ለምን እንደሚያሰጋ ግን አልተነሣም። መምህሩ የገለጹትን ያንን የምድጃና የውኃ ሥራ የብየዳው ሙቀት በተበየደው አካባቢ ያፈርሰዋል፤ ስንጥቁ ይደፈናል፣ ዙሪያው ግን ይለሰልሳል። ቀጣዩ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከብየዳው ጎን የሚሆነውም ስለዚህ ነው። ንፋስ መያዙ ጤንነቱን አያሳይም። ጠርዙ ጥቂት የታጠፈን ማቃናት አንድ ነገር ነው፤ እጁ ላይ የተሰነጠቀን መበየድ ግን እኔ በራሴ መኪና ላይ አላደርገውም።

ጠያቂው፦ «የአያቱ ኮሮላ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በምክራችሁ መሠረት ሜትርና ጨርቅ ይዤ ሄድኩ። ባለ17ቱን ገልብጬ ሳየው የሚሸከመው ክብደት የትም አልተጻፈበትም፤ ምልክትም አላገኘሁበትም፤ ሻጩን ስጠይቀው «ይህን የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም» አለኝ። ያንን ተውኩት።

ያገለገሉት ባለ15 ኢንች የቶዮታ ቸርኬዎች ግን ጀርባቸው ላይ 6 ኢንች ስፋትና ኢ ቲ 45 ተጽፎባቸዋል፤ ቀዳዳዎቹም 100 ናቸው። ሻጩ መጀመሪያ ጎማውን ለመፍታት አንገራግሮ ነበር፤ የጎሚስታውን ዋጋ እኔ እንደምከፍል ስነግረው ተስማማ። ሦስቱ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። አራተኛው ውስጡ በጥቁር ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ በጨርቁ ሳሸው ከቀለሙ ሥር የአንድ ጣት ርዝመት ያህል የብየዳ መስመር ወጣ። ሻጩ ራሱም የደነገጠ ይመስል ነበር፤ እውነቱን እሱ ያውቃል። ከሌላ ሱቅ ተመሳሳዩን አንድ አምጥቶ ሊተካልኝ ቃል ገብቷል፤ እሱም ተፈትቶ ካልታየ እንደማልቀበለው ተነጋግረናል።

ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ዳዶዎቹ በምን ያህል ኃይል መታሰር አለባቸው? ከአሮጌዎቹ ቸርኬዎች ደህናውን ባለ14 ኢንች እንደ ስኮርታ ይዤው መቀጠልስ እችላለሁ?

መልስ፦ «የጎሚስታው ልጅ»

ያንን የተበየደውን ማግኘትህ ደስ ብሎኛል፤ ያንን ጨርቅ እንዳትጥለው።

የኮሮላህ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ያለው ቁልፍ ያለው ቤት ፈልግ፤ በአየር መፍቻው ማሽን እስኪያቅተው ድረስ የሚያስር ቤት ካየህ እንዳይነካብህ፤ ብሎኑ ይለጠጣል፣ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብህም በያዝከው ቁልፍ አትፈታውም። ስታስር መጀመሪያ አራቱንም በእጅህ አዙር፤ ዳዶው ከመጥበቁ በፊት ቢያንስ ሰባት ሙሉ ዙር መግባት አለበት። ከዚያ በተርታ ሳይሆን ተቃራኒ ተቃራኒውን እያጠበቅክ ሂድ፤ ወደ አዳማ አንድ ጊዜ ደርሰህ ከተመለስክ በኋላ ቸርኬው ሲቀዘቅዝ እንደገና ልኩን አስለካው።

ስኮርታውን በተመለከተ፣ የባለ14ቱ 185/70 እና የአዲሱ 195/60 አር 15 ሙሉ ቁመት ልዩነት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ስለሆነ፣ እስከ ቅርብ ጎሚስታ ድረስ በሰላም ያደርስሃል። ነገር ግን እሱ የብረት ቸርኬ ነው፤ የአሉሚኒየሙ ጠፍጣፋ ዳዶ አይዘውም። ከአሮጌዎቹ ሾጣጣ ዳዶዎች አራቱን በከረጢት አድርገህ ከክሪኩ አጠገብ አስቀምጥ።